የመቅደላን ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ መጫወት፦ የትኛውን ክፍል፣ በስንት ምስል፣ በምን ሕግ?

በቪክቶሪያ ዘመን የተካሄዱ የቅኝ ግዛት ዘመቻዎችን በትንንሽ የወታደር ምስሎች ለመጫወት የተነሣ ሰው እጁ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ዙሉ ጦርነት ወይም ወደ ሱዳን ነው። አይፈረድበትም። የ1879ኙ ኢሳንድልዋናም ሆነ የ1898ቱ ኦምዱርማን ምስሎቻቸው በየመጠኑ ተሠርተው ይሸጣሉ፤ አዲስ የጨዋታ ሕግ ሲወጣም መጀመሪያ የሚታሰበው ለእነሱ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን ከሁሉም የሚቀርብ አንድ ዘመቻ አለ፤ የ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ። የቦታውን ስም እናውቀዋለን፣ የሰዎቹን ማዕረግ እናውቀዋለን፣ ሁለቱንም ወገን ከልብ ለመረዳት የሚያስችል ቋንቋም አለን። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም ይህን ለመረጠ ሰው የቀረበ ንጽጽር ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው መቅደላን ሲያስብ የሚታየው ተኩሱ ነው። ተኩሱ ግን የዚህ ዘመቻ ትንሹ ክፍል ነው፤ ለጨዋታ ሲሆን ደግሞ ደካማው ክፍል። ዘመቻው የተወሰነው በውኃ፣ በበቅሎ፣ በመንገድና በየአካባቢው መኳንንት ልብ ነው። ጨዋታውን የሚያቅድ ሰው ይህን ካልተረዳ ውድ ምስሎች ገዝቶ ሁልጊዜ አንድ ወገን የሚሸነፍበት ሰልፍ ይዞ ይቀራል።

ተጫዋች ማወቅ ያለበት ታሪክ

አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1864 መጀመሪያ ቆንስል ካሜሩን ታሰረ፤ እሱን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምም ቆይቶ እስረኛ ሆነ። እንግሊዝ የቦምቤይን ጦር አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየርን ላከች። 13,000 ገደማ የእንግሊዝና የሕንድ ወታደር፣ ከዚያ የሚበዛ ተከታይ ሠራተኛ፣ ከ40,000 በላይ እንስሳ፣ ከነዚህም መካከል 44 ዝሆኖች በቀይ ባሕር ዳር ባለችው ዙላ ላይ ከመርከብ ወረዱ። ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ ማለትም በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ ጦርነት ሆነ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ መቅደላ ተወረረች፤ ንጉሡም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞቹ አምባዋን አቃጥለው፣ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ተመለሱ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሊወጡ የሚችሉ አራት ጨዋታዎች አሉ፤ አራቱም የሚፈልጉት ገንዘብ፣ ጊዜና ሰው የተለያየ ነው።

የአሮጌ ጦርነት

በመጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው። በእንግሊዝ በኩል በውጊያው የተሳተፈው 2,000 ገደማ፣ በቴዎድሮስ በኩል በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፋላ ተራራ የወረደው 7,000 ገደማ ነበር። ቁጥሩ ሲታይ ሚዛኑ ያማረ ይመስላል። ውጤቱ ግን እንዲህ ነው፦ ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሞቱ፣ 1,200 ያህል ቆሰሉ፤ ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ናቸው። ከእንግሊዝ ወገን 20 ሰው ቆሰለ፣ ከነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ሰበቡ ስናይደር የሚባለው ከበስተኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ ነው። «አራተኛው የንጉሥ» የሚባለው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ይዞት የመጣው ይህ መሣሪያ በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል ሊተኩስ ይችል ነበር። የገብርዬ ሰዎች አብዛኞቹ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ጦርና ጋሻ ነበራቸው።

ስለዚህ አሮጌን «ማን ብዙ ገደለ» በሚል መለኪያ የሚጫወት ሰው ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ የኢትዮጵያን ወገን የሚይዝ ጓደኛ አያገኝም። ጦርነቱ ለጨዋታ የሚሆነው አንዲት ነገር ስላለችው ነው፤ ጓዙ። የእንግሊዝ አዛዦች ሸለቆው ተጠብቋል ብለው የጭነት በቅሎዎቹን ከእግረኛው በተለየ መንገድ ላኩ። ቴዎድሮስ ከፋላ ላይ ሆነው ያዩት ይህን ነው፤ ሰዎቻቸው የሮጡትም ወደዚያ ነው። ለጥቂት ጊዜ በመካከል የቆሙት የኮሎኔል ፔን የተራራ መድፎችና የፑንጃብ ፓዮኒየር የሚባሉት ሕንዳውያን መንገድ ጠራጊ ወታደሮች ብቻ ነበሩ። ሕንዶቹ ስናይደር አልነበራቸውም፤ የያዙት ያረጀ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ስለነበር እዚያ ሸለቆ ውስጥ ውጊያው እስከ ጨበጣ ደረሰ። በእውነት ያልታወቀ ነገር የነበረው በዚያች ሰዓት ነው።

አሮጌን ከመረጣችሁ ጠረጴዛችሁን በዚያ ሸለቆ ዙሪያ ሥሩት። አራተኛው ክፍለ ጦር ከሜዳው ጫፍ፣ ጓዙ ከሸለቆው ሥር፣ ፓዮኒየሮቹ በመካከል። የገብርዬን ወገን የያዘው ሰው ስንት የበቅሎ መቆሚያ (የበቅሎ ምስሎቹ የተለጠፉበት መደብ) ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠርለት፤ ሦስት ላይ ከደረሰ አሸነፈ በሉ። የእንግሊዙ ተጫዋች ደግሞ ጓዙን ማዳኑ ብቻ አይበቃም፤ ከተወሰነ በላይ ሰው ካጣ ለንደን ላይ የሚያስጠይቀው ስለሆነ ነጥብ ይቀነስበት። በዚያን ቀን ዝናብም ነበረ፤ እሱን አንድ ካርድ አድርጋችሁ ብትጨምሩት ሰልፉን በደንብ ያናውጠዋል።

የኮኬት በር ጥቃት

ሁለተኛው አማራጭ ኤፕሪል 13 መቅደላ የተወረረችበት ሰዓት ነው። 33ኛው ክፍለ ጦር በኮኬት በር በኩል ገባ። ለበሩ የሚሆነው ባሩድና መሰላሉ ኋላ ተረስቶ ስለነበር ወታደሮቹ በአጥሩ ላይ እየተደጋገፉ ወጡ፤ ለዚህም ሁለት ሰዎች፣ ከበሮ መቺው ማግነርና ተራ ወታደር በርጊን፣ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ተሸለሙ።

ለጨዋታ ምቹ የሚመስለው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ አንድ ገደል፣ አንድ በር፣ ሠላሳ አርባ ምስል። ለማሳያ ጠረጴዛ እመክረዋለሁ፤ ለውድድር ግን አልመክረውም። በዚያ ሰዓት ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂት ታማኞች ብቻ ነበሩ፤ የእንግሊዝ ጉዳት ጥቂት ቁስለኛ ብቻ ነበር፤ መከላከያውን የያዘው ተጫዋች የሚወስነው ነገር የለውም። በተጨማሪም ልቤ የማይቀበለው ነገር አለ። የአፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ በዳይስ የሚጣል ነገር አይደለም። ያን ሰዓት ማሳየት የፈለገ ሰው አምባውን በደንብ ሠርቶ፣ በሩን ሠርቶ፣ ምስሎቹን አቁሞ ለሰው ያሳይ።

በተመሳሳይ ምክንያት ኤፕሪል 9 ቀን ከመቅደላ ሥር ባለው በእስላምጌ ሜዳ ላይ በሀገር ልጅ እስረኞች ላይ የደረሰውን ግድያ በጨዋታ ሕግ ውስጥ አታስገቡት። በታሪኩ ይነገር፤ ነጥብ ግን አይሰጥበት።

የናፒየር ጉዞ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ከዙላ እስከ በሽሎ ወንዝ ያለው ጉዞ በካርታ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ነው፤ ምስል የሚወጣው ግጭት ሲኖር ብቻ ነው። ይህን ጨዋታ የማይረሳ የሚያደርገው እያንዳንዱ ውሳኔ ከእውነተኛ ችግር የሚነሣ መሆኑ ነው።

ባሕሩ ዳር ውኃ አልነበረም፤ ስለዚህ በመርከቦች ላይ የባሕር ውኃ እያጣሩ ይጠጡ ነበር። መጀመሪያ የወረዱት በቅሎዎች በጥማትና በበሽታ በብዛት አለቁ። ከዙላ እስከ ተራራው ግርጌ ኩማይሌ ድረስ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ከዚያ በሱሩ ገደል ወደ ሰንዓፈ፣ ከሰንዓፈ በአዲግራትና በአንጣሎ፣ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አድርጎ ወደ ላስታ፣ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዋድላ፣ ወደ ደላንታ። እህል የሚገዛው በማርትሬዛ ብር ነበር፤ እንግሊዞቹ ብሩን ከቪየና አስመጥተዋል። ገበሬው ሌላ ገንዘብ አይቀበልም፤ ብሩ ካለ ግን ገብስም ገለባም ይሸጣል። ናፒየር መንገዱ መካከል ላይ ጊዜ እያጠረበት ሲሄድ ድንኳንና ጓዝ አስጥሎ በቀላሉ ለመጓዝ ወሰነ። ከፊቱ ያለው ክረምቱ ነው፤ ዝናቡ ከገባ በሽሎና ተከዜ ሞልተው መመለሻ መንገዱ ይዘጋል።

በጨዋታው ላይ ለናፒየር ተጫዋች አራት ነገር ስጡት፤ በቅሎ፣ ውኃ፣ ብርና ቀን። አንዱን ለመጨመር ሌላውን መቀነስ ይኖርበታል። ወደፊት በላከው ሰው ልክ መንገዱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ በእውነቱም መቅደላ ሥር የደረሰው ከጠቅላላው ኃይል ጥቂቱ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ዙላ ካልተመለሰ እስረኞቹን ቢያስፈታም ግማሽ ድል ብቻ ይቆጠርለት።

ይህን አማራጭ ከሌሎቹ የሚያስበልጠው ግን የመኳንንቱ ጉዳይ ነው። ትግራይ ውስጥ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ አሉ፤ ኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሆኑት ናቸው። ናፒየር በፌብሩዋሪ 1868 አግኝቷቸው መንገድ እንዲሰጡት ተስማምተዋል፤ በመጨረሻም መድፍና ጠመንጃ አገኙ። ላስታ ውስጥ ዋግሹም ጎበዜ አሉ። ከሸዋ ምኒልክ በ1867 መጨረሻ ወደ መቅደላ ተጠግተው ተመልሰዋል። በወሎ ሁለቱ እመቤቶች፣ ወርቂቱና መስታወት፣ አሉ፤ ሁለቱም ለመቅደላ ባለቤትነት ይፎካከሩ ነበር። አምስት ስድስት ሰው ካላችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ድብቅ ግብ ስጡት። ካሣ ጦርነት ሳይገጥሙ መሣሪያ ማግኘት ይፈልጋሉ፤ ጎበዜ ማን እንደሚያሸንፍ እስኪታወቅ ሰዉን አያወጡም፤ የወሎዎቹ የሚሹት አምባዋን ነው። ናፒየር ከአንዱ ጋር ሲወዳጅ ሌላውን ያስቀይማል። እንዲህ የተጫወትነው ጊዜ አንድ ጥይት እንኳን ሳይተኮስ ማታው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ቆሞ ይከራከር ነበር፤ እኔ ከጨዋታ የምፈልገው ይህን ነው።

የቴዎድሮስ ጉዞ

አራተኛውን አማራጭ ማንም አያስበውም፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ንጉሡ በኦክቶበር 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን እየጎተቱ፣ መንገድ እየጠረቡ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በማርች 1868 መጨረሻ ነው። አምስት ወር ተኩል ያህል ማለት ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ብቻውን ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የሚጎትተው ብዙ መቶ ሰው ነው። ጦሩ በየቀኑ ይከዳል፤ ያለፉበት አገር እህል አይሰጥም፤ ከኋላና ከጎን ሽፍታው ይከተላል። እንግሊዞቹ ገደሉን የወረዱት ንጉሡ ባሠሩት መንገድ ላይ ነው፤ ያን መንገድ ያዩት መሐንዲሶችም ሥራውን አድንቀዋል።

ይህ ለአንድ ሰው ብቻውን የሚጫወትበት፣ ወይም ለሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚካሄድ ጨዋታ ይሆናል። አንዱ ተጫዋች የናፒየርን ካርታ ይይዛል፣ ሌላው የቴዎድሮስን፤ ሁለቱም መጨረሻቸው መቅደላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አያይም። የቴዎድሮስ ተጫዋች በየሳምንቱ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት መድፍ ልጎትት? መድፍ ቢጥል ይፈጥናል፣ ሰዉ አይሰለችም፤ አምባው ላይ ሲደርስ ግን ባዶ እጁን ነው። ሁሉን ቢጎትት ናፒየር ሊቀድመው ይችላል። በታሪኩ ንጉሡ የቀደሙት በሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ጨዋታውም እስከ መጨረሻው ድረስ ልብ ያንጠለጥላል።

ይህን ጨዋታ ለመጀመር የሚያስፈልገው ካርታ፣ ወረቀትና አንድ ዳኛ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚህ ይጀምር።

የምስሎቹ መጠን

ገበያ ላይ የሚገኙት ዋና መጠኖች 28፣ 15፣ 10 እና 6 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ቁጥሩ የአንድ ሰው ምስል ቁመት ነው። ምርጫው መወሰን ያለበት በየትኛው ጨዋታ እንደምትጀምሩ ነው እንጂ የቱ ያምራል በሚል አይደለም።

28 ሚሊ ሜትር ፊት ይታይበታል፤ የጋሻው ጌጥ፣ የራስ ቁርና የጃኖው ቀይ ጥለት ሁሉ ይታያል። ለኮኬት በር ማሳያ፣ ወይም በአሮጌ ላይ የጓዙን ሸለቆ ብቻ ለሚያወጣ ሰው ከሱ የሚሻል የለም። አሮጌን በሙሉ ለማውጣት ግን ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። አንድ ምስል ሃያ ሰው ቢወክል 100 የእንግሊዝና 350 የኢትዮጵያ ምስል መቀባት አለባችሁ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ለመጨረስ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ ብዙዎችም መንገድ ላይ ይተዉታል። በ15 ሚሊ ሜትር አንድ ምስል ሃምሳ ሰው ቢወክል 40 እና 140 ይበቃሉ፤ ለአሮጌ የምመክረው ይህን ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ሸለቆው፣ የፋላና የሥላሴ ተራሮች፣ እስላምጌ ሜዳም ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገባሉ፤ የመሬቱ ግዙፍነት የሚታየው በዚህ መጠን ብቻ ነው። የሰው ፊት ግን የለም፤ ከሩቅ ነጭ ነጠብጣብ ነው። 10 ሚሊ ሜትር በሁለቱ መካከል ነው፤ ሌላ ስብስብ ከሌላችሁ በቀር ከእሱ አልጀምርም።

ውጭ አገር ላለ ሰው ምስል ማዘዝ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን ትልቁ ወጪ ማስመጫው ነው። የወረቀት ወታደር በካርቶን ላይ አትሞ ማቆም አሳፋሪ አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ጥሩ መሆኑን ለማወቅም ምስል ከመግዛት በፊት በወረቀት መሞከር ይሻላል። የሦስት ዐቅጣጫ ማተሚያ ያለው ወዳጅ ካገኛችሁ ደግሞ በቅሎዎቹን እዚያ አሳትሙ፤ በጥሩ ሁኔታ የተጫነ በቅሎ በገበያ ከባድ ነው የሚገኘው፣ ለዚህ ዘመቻ ደግሞ ያለ በቅሎ አይሆንም።

የልብስና የመሣሪያ ጉዳይ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1879ኙ የዙሉ ጦርነት ቀይ ኮት የለበሰ የእንግሊዝ ምስል ለመቅደላ አይሆንም። በመቅደላ የመጣው ጦር ካኪ የለበሰ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ካኪን ከሕንድ ውጭ ለብሶ ከዘመተባቸው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ነው። ጠመንጃውም ስናይደር እንጂ ማርቲኒ ሄንሪ አይደለም፤ ማርቲኒ ሄንሪ የመጣው በ1871 ነው። ቀይ ኮት የለበሰ ምስል ያለው ሰው ካኪ ቢቀባው በሁለት ክንድ ርቀት ያልፍለታል።

ለኢትዮጵያ ወገን በብዛት የሚሸጡት ለ1896ቱ ዐድዋ የተሠሩ ምስሎች ናቸው። ልብሱ ብዙም አያስቸግርም፤ ነጭ ሸማ፣ ባዶ እግር፣ ለጀግናው ለምድና የአንበሳ ጎፈር። መሣሪያው ግን ይለያል። ዐድዋ ላይ ከበስተኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በብዛት ነበር፤ በገብርዬ ሰዎች እጅ ላይ ግን አይሆንም። ስለዚህ ጦርና ጋሻ የያዙትን ምስሎች አብዙ፤ ጠመንጃ ያላቸውን ቀንሱ።

ሸማን በንጹሕ ነጭ አትቀቡ። መሠረቱን ቀላ ያለ ቡና ዓይነት አድርጉት፣ ቀጥሎ ክሬም፣ በመጨረሻ የእጥፉን ጫፍ ብቻ ነጭ። ወራት የተጓዘ ጦር ነው፤ አቧራውም ይታይ። ጃኖ ለሁሉም አይደለም፤ ለአለቆች ብቻ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን በጨዋታው ላይም አለቃው ከሩቅ ይለያል።

አይቶ የሚሠራበት ሥዕል ለሚፈልግ ሰው፣ ዘመቻው ላይ የሮያል ኢንጂነርስ ፎቶ አንሺዎች ስለነበሩ የመሬቱና የሰዎቹ ፎቶግራፎች አሉ። ለሴባስቶፖል ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቅጂው ቆሟል፤ ዙሪያውን ሄዶ መለካትም ፎቶ ማንሣትም ይቻላል። እውነተኛው እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው።

ሕጉን መምረጥ

የሕግ ዓይነቶቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ተራ በተራ የሚጫወቱት ነው፤ አንዱ ወገን ሁሉን ያንቀሳቅሳል፣ ይተኩሳል፣ ከዚያ ሌላው። ለመማር ቀላል ነው፤ ለመቅደላ ግን ስናይደርን የያዘው ሰው ሁልጊዜ ያለ ሥጋት ይተኩሳል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ሁለተኛው በካርድ የሚጫወቱት ነው፤ የእያንዳንዱ ጭፍራ ስም በካርድ ተጽፎ ይቀላቀላል፣ የወጣለት ይንቀሳቀሳል። ለአሮጌ ይህ ይሻላል፤ ገብርዬ ሰዎቹን ይዞ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲወጣለት ጓዙ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው በዳኛ የሚካሄደው ነው። የፕሩሲያ መኮንኖች በ1824 ከወጣው የጦር ጨዋታቸው ጀምሮ የሚያውቁት መንገድ ነው፤ ተጫዋቾቹ ትእዛዝ በወረቀት ይጽፋሉ፣ ዳኛው ብቻ ሁሉን ያያል፣ የሆነውንም ይነግራቸዋል። ለሁለቱ ጉዞዎች ከዚህ ሌላ አልመርጥም። ጥሩ ዳኛ ማግኘት ከባድ ነው፤ ታሪኩን የሚያውቅ፣ የማያዳላ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ከሌላችሁ ጉዞውን አትጀምሩት።

ከራሳችን የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። የሀገራችን ቼዝ በሆነው በሰንጠረዥ ጨዋታ ላይ «ወረራ» የሚባለው መክፈቻ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሰልፋቸውን ያደራጃሉ። ይህን ወስዳችሁ የአሮጌን መጀመሪያ እንዲህ አድርጉት፤ የመጀመሪያው ጥይት እስኪተኮስ ድረስ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሱ፣ አንዱ የሌላውን እያየ። የገብርዬ ተጫዋች ከፋላ ላይ እስከ ምን ሰዓት እንደሚቆይ፣ የእንግሊዙ ጓዙን ከየት እንደሚያስገባ የሚወሰነው እዚያ ነው። ሞክረነዋል፤ ከማንኛውም የተጻፈ የአሰላለፍ ሕግ ይበልጥ ሕይወት ይሰጠዋል።

የተኩስ ርቀትን በተመለከተ አንድ ሜትር ሰማንያ በአንድ ሜትር ሃያ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ስናይደር እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፣ በአፈሙዝ የሚጎርሱት ሁሉ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። የገብርዬ ሰዎች የመጀመሪያ ተኩስ ከባድ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ አንድ ተራ ሙሉ እስኪጎርሱ ይጠብቁ። የፋላ መድፎች ድምፅ ነበራቸው፤ ዒላማ ግን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ጉዳታቸው ትንሽ፣ የበቅሎን ልብ ማስደንገጣቸው ትልቅ ይሁን።

ለማን የቱ?

ሁለት ሰው ከሆናችሁና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ካላችሁ አሮጌን በ15 ሚሊ ሜትር፣ በካርድ ሕግ፣ በጓዙ ዙሪያ ተጫወቱ። አምስት ስድስት ሰው፣ አንድ ጥሩ ዳኛና ለጥቂት ሳምንታት የምትገናኙበት ቦታ ካላችሁ የናፒየርን ጉዞ ከመኳንንቱ ጋር ምረጡ፤ ምስል ሳትገዙ ብትጀምሩትም አይጎድልም። ብቻውን የሚጫወት ሰው የቴዎድሮስን ጉዞ ይያዝ። ቀለም መቀባት ከጨዋታው በላይ የሚወድ ሰው ኮኬት በርን በ28 ሚሊ ሜትር ይሥራ፤ አምባውን ከወፍራም ፎም በአምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር እየደራረበ፣ ጎኑን በቢላ እየቀደደ ገደል ያድርገው፤ በሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሚያስገባ በላይ እንዳይሰፋ ይጠንቀቅ። ምንም ዓይነት ብትመርጡ ግን መጀመሪያ የምትገዙት ወይም የምትሠሩት በቅሎዎቹን ይሁን። ከወታደሩ በፊት አሥራ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ካላችሁ ከአራቱ ጨዋታዎች ሦስቱን መጀመር ትችላላችሁ።